የኤሌክትሪክ ምጣድ የምድር ሽቦ አዘረጋግ

እናቶች በባዶ እግራቸው ርጥብ መሬት ላይ ቆመው እንጀራ ሲጋግሩ የምጣዱ ቆርቆሮ «ነዘረኝ» ማለታቸው እንደ ተራ ነገር ተቈጥሮ መታለፉ እጅግ ያሳዝናል፤ ንዝረቱ፣ ከሽቦው ያመለጠው ኃይለ ኤሌክትሪክ ወደ ምድር የሚወርድበት ሌላ ጎዳና አጥቶ በሥጋ ለባሽ አካል መሻገሩን የሚመሰክር ነውና። ባለሙያዎች «ግራውንድ» የሚሉት የምድር ሽቦ ያንን ጎዳና የሚያበጅ ነው።

በቅድሚያ ዋናው ብሬከር ይጥፋ፤ መጥፋቱም በቴስተር ይረጋገጥ፤ ሥራውም ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሽያን ይሰጥ።

ከዚያም ርጥበት የማይለየው ስፍራ ተመርጦ፣ 2 ሜትር ከግማሽ ያህል የሚረዝም መዳብ የተለበጠ የብረት ዘንግ ቀጥ ብሎ ይተከል። መረሬ አፈር በክረምት ውኃ ቋጥሮ ኃይሉን በመልካም ቢያሳልፍም፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ከዘንጉ ስለሚላቀቅ በጥልቀቱ መሰሰት አይገባም፤ አንዱ ዘንግ ባይበቃ ሁለተኛው ከፊተኛው ቢያንስ በራሱ ርዝመት ርቆ ይተከልና በመዳብ ሽቦ ይያያዙ። ጨው መጨመርን የሚመክሩ አሉ፤ ጨው ግን በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል፤ እስኪሄድም ድረስ ብረቱን ይበላል።

ከዘንጉ ራስ ጠብቆ የታሰረ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ወደ ማከፋፈያው ሳጥን ይግባ፤ ከዚያም አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ፣ ውፍረቱ ከፌዙ ሳያንስ፣ ወደየሶኬቱና ወደ ምጣዱ ቆርቆሮ ይዘርጋ። ቆርቆሮውን ከኒውትራል ጋር ማሰር ግን ከስሕተት ሁሉ የከፋ ነው፤ ኒውትራሉ የተበጠሰ ዕለት ቆርቆሮው 220 ቮልት ለብሶ ይጠብቃልና።

ብዙዎች ዘንጉ ከተቀበረ ሥራው ምሉዕ ይመስላቸዋል። ሒሳቡ ግን ይህን አይመሰክርም፦ የምድሩ ተቃውሞ 10 ኦም ቢሆን እንኳ፣ ይህም መልካም የሚባል ነው፣ 220 ለ10 ሲካፈል ወደ ምድር የሚወርደው ቢበዛ 22 አምፔር ነው፤ 25 አምፔር ብሬከርም በዚህ ወይ ጨርሶ አይወድቅም፣ ወይም ምጣዱ በሥራ ላይ ሳለ ከሆነ ከደቂቃዎች በኋላ ይወድቃል፤ እስከዚያ ቆርቆሮው ይነዝራል። ስለዚህ 30 ሚሊ አምፔር ባመለጠ ጊዜ ከሰከንድ ሲሶ ባነሰ ቅጽበት መስመሩን የሚቈርጥ ሊኬጅ ብሬከር የግድ ይግባ፤ ከእርሱ ወዲህም ኒውትራሉና የምድሩ ሽቦ ከቶ አይነካኩ። ደጋግሞ ቢወድቅ የሚጠገነው ምጣዱ ነው፤ ብሬከሩን አውጥቶ መስመሩን በቀጥታ ማያያዝ ነውር ነው።

በየወሩ በልደታ ዕለት «ቴስት» የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ፤ መብራቱ ካልጠፋ ብሬከሩን ያስለውጡ።