ፓውዛውን ከመግዛትሽ በፊት

እስኪ ስልክሽን ወደ እኔ አዙሪው፤ ክፍያውን ከመጫንሽ በፊት ልይልሽ። «300 ዋት፣ ሶላር፣ ስማርት» ይላል አይደል? ቁጥሩን ተዪውና ፓኔሏን እያት። ከደብተር አትበልጥም። ጥሩ የሚባል ፓኔል፣ ያውም አንድ ካሬ ሜትር ሙሉ ሆኖ፣ በጠራ ቀትር የሚሰጠው 200 ዋት ገደማ ነው። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነች ፓኔል ቢበዛ 12 ዋት ብታወጣ ነው፤ እሱም ደመና ከሌለና አቧራ ካልለበሳት። እንዲህ ያለች ፓኔል 300 ዋት መብራት ሌሊቱን ሙሉ አታቆይም። ብርሃኑን ማወቅ ከፈለግሽ ሉመኑን ፈልጊ፤ ዕድሜውን ማወቅ ከፈለግሽ ባትሪውን ጠይቂ።

እኔ በዚህ ነገር ገንዘብ አውጥቼ ነው የተማርኩት። ለግቢዬ በር አንድ ፓውዛ ገዝቼ ሰቀልኩ። መጀመሪያ ወር ላይ መንገዱ ማዶ ድረስ ያበራ ነበር። በዓመቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት አላልፍ አለ፤ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ራት ሳይቀርብ ይፈዛል። አንድ ቀን አውርጄ በካቻቪቴ ፈታሁት። ከውስጡ የወጣችው ባትሪ የጣቴን ያህል ናት፤ በሙጫ ተለጥፋለች፣ ልቀይራት ብል እንኳ የምትነቀል አይደለችም። ዙሪያውን ውሃ እንዳይገባ የሚይዘው ጎማ በአንድ በኩል ተላቆ ኖሯል። ከመስታወቱ ስር ጤዛ የመሰለ ውሃ ቋጥሮ፣ ሽቦው የተበየደበት ቦታ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። ያን ካየሁ ወዲህ ሱቅ ስገባ መብራት አስበርቼ አላይም፤ ጀርባውን አስፈትቼ ነው የማየው። አንቺም ባለሱቁን ጀርባውን ክፈትልኝ በይው፤ ቅር አይበልሽ። በብሎን የሚከፈት ከሆነ ባትሪው ባለቀ ጊዜ ይቀየራል። በሙጫ ከተዘጋ ባትሪው ሲሞት መብራቱም አብሮ ሞተ ማለት ነው።

ባትሪው ላይ «ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ 3.2 ቮልት፣ 10 አምፒር ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ብታገኚ ሁለቱን ቁጥሮች አባዢ፤ 32 ዋት ሰዓት ይመጣል። እኛ አገር ሌሊቱ ከ11 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ በጋና ክረምት ብዙ አይለያይም። 10 ዋት መብራት በሙሉ ኃይሉ ከበራ ይሄ ባትሪ 3 ሰዓት ያህል ቆይቶ ያልቃል። ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ ደምቆ፣ በቀረው ጊዜ ግን በ1 ዋት ደብዘዝ ብሎ የሚያድር ከሆነስ? ለደብዛዛው 11 ወይም 12፣ እየተመላለሳችሁ ለምታደምቁት ግማሽ ሰዓት ደግሞ 5፣ በድምሩ 17 ዋት ሰዓት ቢበላ ነው። ግማሽ ያህሉ ለነገ ይተርፋል። የጉና ተራራ ደመና ለብሶ ፀሐይ የማትታይበት የሐምሌ ሳምንት የሚታለፈው በዚህች ትርፍ ነው። ስለዚህ የእንቅስቃሴ ሴንሰሩን እንደ ጌጥ አትይው። በስልክ ከመታዘዙ ሁሉ በፊት የምከፍልበት ብልሃት እሱ ነው።

ሦስት ልትገዢ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ እስቴ ለእማዬ፣ አንዱ ስማዳ ለአጎታችን። ግን ሦስቱንም አንድ ዓይነት አትግዢ። እዚህ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች ደግሞ በከንቱ አላወጡትም። ፓኔሉ ከፍ ብሎ በቀጭን ብረት ከቆመ ነፋሱ እንደ ሸራ ይይዘዋል፤ ብሎኑ እየላላ፣ ዘንጉ እየተወዛወዘ አንድ ሌሊት መሬት ታገኚዋለሽ። አጭርና ወፍራም ማሰሪያ ያለውን ምረጪ፤ ብሎኑ ከማይላላ ዳዶ ጋር ይሁን። በረዶም አለብን፤ ፓኔሉ ወፍራም መስታወት ይኑረው፣ ፕላስቲክ ከሆነ ይቅርብን። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲወርድ ሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ መሞላት የለበትም። ደህና ዕቃ ከሆነ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ራሱ ይከለክላል፤ ፀሐይ ሞቅ ስታደርገው ይጀምራል። ይሄንን ጠይቂ።

አጎታችን ጋ ችግሩ ሌላ ነው። ከወገዳ ከተማ ወደ በሽሎ ወንዝ በኩል ስትወርጂ ቆላ ነው፤ እዚያ ባትሪ የሚገድለው ሙቀት ነው። መብራቱን ቆርቆሮው ላይ አጣብቀው እንዳይሰቅሉት አደራ በያቸው። ቆርቆሮ በቀትር እንደ ምጣድ ይግላል። ፓኔሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ባትሪውና መብራቱ ከጣሪያው ክፈፍ ስር ጥላ ውስጥ እንዲሆኑ፣ በሽቦ የተለያዩትን ግዢላቸው። ሌላም አለ፤ ሴንሰሩ የሚያየው የሰውነትን ሙቀት ነው። አየሩ ራሱ የሰውነት ያህል ሲሞቅ ሰውን ከአካባቢው መለየት ያቅተዋል፤ ስለዚህ በሞቃት ምሽት ሰው ቅርብ ካልመጣ አይነቃም። ለእነሱ መብራቱ ዝቅ ብሎ፣ ለመንገዱ ቀረብ ብሎ ይሰቀል።

ፓኔሉን ወዴት እናዙረው ላልሽኝ፣ «ወደ ደቡብ አጋድሉት» የሚል ምክር ብዙ ቦታ ታነቢያለሽ። ያ ምክር የተጻፈው ከእኛ ይልቅ ከምድር ወገብ ርቀው ለሚኖሩ ነው። እኛ ጋ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በሰኔ ቀትር ደጅ ብትቆሚ አጭሯ ጥላሽ ወደ ደቡብ ትወድቃለች። በጣም ካጋደልሽው ታዲያ ብርሃን በሚቸግርበት በክረምት ጀርባውን ለፀሐይ ሰጠ ማለት ነው። ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ያህል ወደ ደቡብ ጥቂት ዘንበል ቢል፣ 10 ወይም 15 ዲግሪ፣ ይበቃል። የባሕር ዛፍ ጥላ ግን እንዳይነካው። ባሕር ዛፉ ዘንድሮ ባይደርስበት በሁለት ዓመት ይደርስበታል።

አሁን ወደ ስማርቱ እንምጣ። በ2015 ክረምት በክልላችን በአማራ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሳይመለስ ሲቆይ አንቺ አዲስ አበባ ነበርሽ፤ እኛ እዚህ ነበርን። ከሩቅ አገር ሰርቨር ትእዛዝ የሚጠብቅ መብራት ያን ጊዜ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዕቃ ነው የሚሆነው። የእኛ አገር ጣጣ ብቻም አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ኢንስቴዎን የሚባል የስማርት ቤት ዕቃ የሚያመርት ኩባንያ በ2022 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሚያዝያ ላይ ሰርቨሩን ድንገት ዘጋው፤ ደንበኞቹ በስልካቸው ያዝዙት የነበረውን መብራት ማዘዝ አቃታቸው። ስለዚህ የምትገዢው መብራት ብልሃቱ እዚያው እራሱ ውስጥ ያለ ይሁን። ሲመሽ ራሱ የሚያውቅበት ዓይን፣ እንቅስቃሴ የሚያይበት ሴንሰር፣ ሰዓቱን ራሱ የሚይዝበት ማስታወሻ ይኑረው። ለማስተካከል ብሉቱዝ ወይም ሪሞት ይበቃል። ሱቅ ውስጥ እንዲህ ፈትኚው፦ በስልክሽ ሰዓቱን ሙዪለት፣ ከዚያ ዳታሽን ዝጊ፣ ስልክሽንም አጥፊው። በሰዓቱ ከበራ ግዢው።

ዋይፋይ ያለውን ካላገኘሁ ካልሽ ደግሞ፣ አብዛኞቹ የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው፤ የራውተርሽን ስም አይተሽ በዚያ አገናኚው። የሰዓት ክልሉንም አዲስ አበባ ላይ አድርጊው። ከቻይና ሰዓት ጋር እንዳለ ከተውሽው 5 ሰዓት ይቀድመናል፤ ለማታ የሞላሽለት መብራት በጠራራ ፀሐይ ይበራል። አፑ የሚያወራው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ማታ 12 ሰዓት ተኩልን 18:30 ብለሽ ነው የምትጽፊው። 12:30 ብለሽ ከጻፍሽ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ ያበራልሻል። በበጋ ፀሐይዋ 12 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች፣ በሰኔና ሐምሌ ወደ 1 ሰዓት ትጠጋለች፤ ሲመሽ ራሱ የሚያይ ዓይን ካለው ግን ይሄን ሁሉ ማሰብ አያስፈልግሽም።

የመስመር መብራት ላለው ቤት ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ዕቃው ላይ «ከ85 እስከ 265 ቮልት» የሚለውን ምረጪ፤ ኃይል ሲወርድና ሲወጣ ቶሎ አይቃጠልም። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንድ ስማርት አምፖል ሳታዢው በሙሉ ድምቀቱ ይበራል፤ አፑ ውስጥ «እንደነበረ ይመለስ» የሚለውን ምርጫ ፈልገሽ አስተካክዪ። እማዬ ደግሞ ከመተኛቷ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ ሳትጫን አትተኛም። እሱ ከተጠፋ ስማርት አምፖሉ ሞተ፣ ስልክሽም አያስነሳውም። ለእሷ ብልሃቱ አምፖሉ ውስጥ ሳይሆን ማጥፊያው ውስጥ የሚገባ ይሁንላት፤ እሷ እንደለመደችው በእጇ ትጫን፣ ማታ ማታ ደግሞ ራሱ ይሥራ።

ካርቶኑ ላይ አይፒ 65 መኖሩን እይ፤ 6ቱ አቧራ አይገባም፣ 5ቱ በቱቦ የሚረጭ ውሃ ይችላል ማለት ነው። አይፒ 44 ለበረንዳ ይሆናል፣ ለበር ግን አይሆንም። ቀለሙን 3,000 ኬልቪን አድርጊው፤ ያ 6,500 የሚሉት ነጩ ትንኝና የእሳት ራት ይሰበስባል፣ የጎረቤትንም መስኮት ይወጋል። ከሰቀልሽው በኋላ ፊቱን ወደ መሬት ድፊው። ወደ ውጭው መንገድ ካዞርሽው ውሻና ጅብ ባለፈ ቁጥር ይበራል፣ ባትሪውም ለእነሱ ያልቃል።

ሴንሰሩ ወደ እሱ በቀጥታ ከሚመጣ ሰው ይልቅ ከፊቱ አቋርጦ የሚያልፈውን ፈጥኖ ያያል፤ ስለዚህ ከግቢው መንገድ ጫፍ ሳይሆን ከጎኑ፣ ከመሬት 3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀል። እማዬ በየማለዳው፣ ገና ሌሊት 10 ሰዓት ላይ፣ ጋቢዋን ደርባ ለኪዳን ስትወጣ ዓይኗ እንደ ድሮው እንዳይመስልሽ። ባለፈው እስቴ ሄጄ ከኋላዋ ተከትዬ አይቻታለሁ፤ በግራ እጇ አጥሩን እየዳሰሰች ነው በሩ ድረስ የምትሄደው። ከቤቱ ደፍ እስከ ግቢው በር 31 እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። 19ኛው ላይ አንድ ብቅ ያለ ድንጋይ አለ። እስቴ ስንሄድ ሜትርና እርሳስ ያዢ፤ ሌላውን ሳንነካ መጀመሪያ ከድንጋዩ ትይዩ ያለውን ቋሚ እንጨት እንለካለን።