ስለ ኩላሊትና ስለ ሽንት ሕመም፤ ከሕመምተኞች ለሚቀርቡልን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዓለም ከተማና በዙሪያው ከሚገኙት ቀበሌዎች ለምርመራ የሚመጣ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የደዌውን ስም ራሱ አውጥቶለት ይመጣል። ወገቡን በሁለት እጁ ደግፎ፣ «እኔስ ኩላሊት ነው የያዘኝ» ይለናል። ይህን ከተናገረ በኋላ የሚጠብቀው መድኃኒት እንጂ ምርመራ አይደለም። ሽንቱ ይመርመር ስንል ቅር የሚለው፣ የደም ግፊቱን ስንለካ ደግሞ የሚገረም አለ። አንድ ሽማግሌ አባት፣ «ልጄ፣ የሚያመኝ ወገቤ ነው፤ ክንዴን ምን አድርግ ብለህ ታስረዋለህ?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ መልሱም ከዚህ በታች ይገኛል። በየመንደሩ ፊደል የቈጠረ ሰው፣ ይልቁንም መምህር፣ ጐረቤቱ ስለ ጤናው ምክር የሚጠይቀው ስለ ሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀርቡልንን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ለአንባቢዎቻችን ማቅረብን ወደድን።

አስቀድመን ስለ ኩላሊት ሥራ ጥቂት እንናገር። ኩላሊቶች ሁለት ናቸው። የሚገኙትም በጀርባ በኩል ከታችኞቹ የጎን አጥንቶች ሥር፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ነው። እያንዳንዳቸው የሰው ጭብጥ ያህል ሲሆኑ፣ አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ረቂቃን ማጣሪያዎች አሏቸው። ጠላ የሚያጠል ሰው አተላውን አስቀርቶ ጥሩውን እንደሚቀዳ፣ እነርሱም ደምን ያጣራሉ። በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ የሚያጣሩት ፈሳሽ እስከ 180 ሊትር ይደርሳል፤ ከዚህ ውስጥ በሽንት የሚወጣው ግን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። የቀረውን ለሰውነት የሚጠቅመውን መርጠው ወደ ደም ይመልሱታል። ከዚህም በላይ የደም ግፊትን ያስተካክላሉ፤ ደም እንዲመረትና አጥንት እንዲጠነክርም ይረዳሉ።

«ወገቤን ያመኛል፤ ኩላሊቴ ይሆንን?» ከሁሉ አብልጦ የሚቀርብልን ጥያቄ ይህ ነው። መልሳችንም ብዙውን ጊዜ፣ አይደለም የሚል ነው። በአረምና በአጨዳ ወራት ቀኑን ሙሉ ጐንበስ ብሎ የሚውል ገበሬ፣ ውሃ የሞላ ጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ እናት፣ የተማሪ ደብተር ሲያርም የሚያመሽ መምህር ሳይቀር ወገቡን ቢያመው፣ የታመመው ጡንቻው ወይም የአከርካሪው አጥንት ነው። እንዲህ ያለው ሕመም ሲጐነበሱና ሲነሡ ይብሳል፤ ሲያርፉ ይቀላል። የኩላሊት ሕመም ግን ከወገብ ከፍ ብሎ ከጎን አጥንት ሥር፣ አብዛኛውን ጊዜም በአንድ ወገን ይሰማል። ቢተኙም ቢቀመጡም እምብዛም አይለወጥም፤ ትኩሳትና መንቀጥቀጥ፣ ማስመለስ፣ ወይም የሽንት መለወጥ አብሮት ይመጣል።

ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው፣ ኩላሊትን ቀስ በቀስ የሚያጠፋው በሽታ በአብዛኛው ምንም ሕመም የሌለው መሆኑ ነው። ከማጣሪያዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ከሥራ ውጭ ሆነው እንኳ፣ ሰውየው እንደ ልማዱ እያረሰ ወይም እያስተማረ ሊኖር ይችላል። የዚህ ጥፋት ዋነኞች ምክንያቶች የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ናቸው። የደም ግፊት የማጣሪያዎቹን ረቂቃን የደም ሥሮች ያደነድናል፤ የስኳር በሽታም ወንፊቱን አላልቶ፣ በደም ውስጥ ሊቀር የሚገባው ፕሮቲን ወደ ሽንት እንዲያመልጥ ያደርጋል። የደከመው ኩላሊትም በበኩሉ የደም ግፊቱን ይበልጥ ያንረዋል። የእኚያን አባት ክንድ ያሰርነው ስለዚህ ነበር። የግፊታቸው የላይኛው ቍጥር ከ180 በላይ ሆኖ ተገኘ፤ በሽንታቸውም ውስጥ ፕሮቲን ታየ። ወገባቸውን ያሳመማቸው ግን የማሽላ አጨዳ ነበር። ያልጠረጠሩት በሽታ የተገኘው በጠረጠሩት ሕመም ሰበብ መሆኑ ነው።

በዚህ ረገድ እጅግ የሚያሳስበን ሌላ ነገር አለ። ወገቡን የሚያመው ሰው ኩላሊቱ የታመመ መስሎት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የዲክሎፌናክ ወይም የኢቡፕሮፌን ኪኒን ገዝቶ ለሳምንታት ይውጣል፤ መርፌም እንዲወጋ የሚለምን አለ። እነዚህ ማስታገሻዎች ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ይቀንሳሉ። ጤነኛ ወጣት ለጥቂት ቀናት ቢወስዳቸው ብዙ ጊዜ አይጐዳም፤ ነገር ግን በዕድሜ የገፋ ሰው፣ በተቅማጥ ወይም በሙቀት ፈሳሽ ያነሰው ሰው፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ በድንገት ሥራውን እስከ ማቆም ሊደርስ ይችላል። እንዲህም ሲሆን፣ ያልታመመውን ኩላሊት የሚያሳምመው ለኩላሊት ተብሎ የተወሰደው መድኃኒት ይሆናል። መጠኑ ሳይለካ፣ ምንነቱም ሳይታወቅ ተቀቅሎ የሚጠጣ ቅጠልና ሥርም ከዚሁ የሚቈጠር ነው። አባቶቻችን ያስተላለፉልንን የመድኃኒት ዕውቀት አንንቅም፤ ነገር ግን የደከመ ኩላሊት ባዕድ ነገርን ከሰውነት ለማስወጣት ኀይል የለውም።

«ሽንቴን ያቃጥለኛል፤ ፀሐይ ነው ወይስ ብርድ?» በጋለ ድንጋይ ላይ በፀሐይ መሽናት፣ ወይም በቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ይህን ሕመም ያመጣል የሚል እምነት በአገራችን የቈየ ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን ናቸው። ከእነርሱም ዋነኛው፣ በአንጀት ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለው ሲሆን፣ ወደ ሽንት ቧንቧ ሲገባና ወደ ፊኛ ሲወጣ ያሳምማል። የሴት የሽንት ቧንቧ ርዝመት 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የወንድ 20 ያህል ነው። ሕመሙ በሴቶች ላይ የሚበዛበት ምክንያት ይህ ነው እንጂ የንጽሕና ጉድለት ወይም የጠባይ ብልሹነት አይደለም። ይህን አጥብቀን የምንናገረው፣ ብዙ እኅቶቻችን ጐረቤት በጨብጥ ይጠረጥረናል በማለት ደብቀው እስከሚብስባቸው ድረስ ስለሚቈዩ ነው። ጨብጥ ራሱን የቻለ በሽታ ነው፤ መግል መሰል ፈሳሽ የሚታይበት ሰው ከትዳር ጓደኛው ጋር አብሮ መታከም ይኖርበታል።

ሴቶች ከተጸዳዱ በኋላ ከፊት ወደ ኋላ መጥረግ፣ ከግብረ ሥጋ ግንኙነት በኋላ መሽናትና በቂ ውሃ መጠጣት ይረዳቸዋል። እርጉዝ ሴት ግን ምንም ሕመም ባይሰማት እንኳ ሽንቷ መመርመር አለበት። በፊኛዋ ውስጥ የተሸሸጉት ተሕዋስያን ወደ ኩላሊት ወጥተው ብርቱ ትኩሳት ሊያመጡባት፣ ያለ ጊዜዋም ሊያስወልዷት ይችላሉና ነው። ማቃጠሉ ወደ ትኩሳት፣ ወደ መንቀጥቀጥና ወደ ጎን ሕመም ከተለወጠ፣ ማንም ሰው ቢሆን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።

መድኃኒቱን በሚመለከት፣ ከባለፈው ሕመም የተረፈ አሞክሳሲሊን ከጐረቤት መዋዋስ፣ ማቃጠሉ ሲተው ደግሞ በሁለተኛው ቀን ማቋረጥ በከተማችን የተለመደ ሆኗል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ በቂ ያልሆነ መጠን ተሕዋስያንን መድኃኒት እንደሚያለማምዳቸው አስጠንቅቆ ነበር። የፈራው ደርሷል፤ ዛሬ ቀላል የነበረ የፊኛ ሕመም በተለመደው ኪኒን አልድን ሲል እናያለን።

እዚህ ላይ መምህራንን ለይተን የምንለምነው ነገር አለን። በር የሌለው ወይም የቆሸሸ መጸዳጃ ባለበት ትምህርት ቤት፣ ልጃገረዶች ሽንታቸውን ይዘው ይውላሉ፤ ጧትም ውሃ ሳይጠጡ ይመጣሉ። ለረጅም ሰዓት የተያዘ ሽንት ለተሕዋስያን መራቢያ ይሆናል። «ልውጣ» የሚል ተማሪ አንዳንዴ ትምህርት ሸሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን እኛም ተማሪ ሳለን አድርገነዋል። ቢሆንም አሥሩ ቢያታልሉ የአንዲቱን ልጅ ጤና መጠበቅ ይበልጣል።

መምህር ከወላጅ አስቀድሞ ሊያየው የሚችለው ሌላ ምልክትም አለ። ጉሮሮውን ታሞ የነበረ፣ ወይም በእከክና በቍስል የሰነበተ ልጅ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ጧት ፊቱና የዓይኑ ቆብ አብጦ ቢመጣ፣ ሽንቱም እንደ ሻይ ቢጠቍር፣ ኩላሊቱ ተቈጥቷል ማለት ነው። ይህን እብጠት «ልጁ ወፈረ» ብለው ደስ የሚላቸው ወላጆች አጋጥመውናል። ቶሎ ከታየና የደም ግፊቱ ከተጠበቀ አብዛኛው ልጅ ፈጽሞ ይድናል።

«ጠጠሩ የመጣብኝ ከጤፍ አሸዋ ነውን?» ከአውድማ አሸዋ ጋር የተቀላቀለ እህል ጥርስን ይጎዳ ይሆናል፤ ወደ ኩላሊት ግን አይደርስም። የተዋጠ አሸዋ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። የኩላሊት ጠጠር የሚሠራው በራሱ በሽንቱ ውስጥ ነው። በገበቴ የተቀመጠ የጨው ውሃ ሲተን ጨው በጠርዙ እንደሚረጋ፣ እንዲሁ ሽንት ሲያንስና ሲወፍር በውስጡ ያሉት ጨዋማ ነገሮች ይረጋሉ። ከዓለም ከተማ ደጋ ተነሥቶ ወደ ጀማ ሸለቆ የወረደ ሰው የአየሩን ለውጥ ያውቀዋል። በዚያ ቆላ በፀሐይ ሲሠራ የሚውል ገበሬ ውሃው በላብ ያልቃል፤ ማታ የሚሸናውም ጥቂትና ጠቈር ያለ ነው። ጠጠር የሚወደው እንዲህ ያለውን ሽንት ነው።

ጠጠሩ ሲንቀሳቀስ ሕመሙ ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት እየወረደ፣ እየመጣና እየሄደ ሰውን መሬት ላይ ያንከባልላል። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጠጠር በአብዛኛው በራሱ ይወጣል። ትኩሳት ከታከለበት ግን ለነገ የማይባል አደጋ ነው። ቢራ ጠጠር ያወርዳል የሚሉም አሉ፤ ቢራ ለጊዜው ያሸናል፣ ኋላ ግን ሰውነትን ያደርቃል። ውሃ የቢራውን ሥራ ያለ ጉዳቱ ይሠራል። ጠጠር የወጣለት ሰው በቀን ሁለት ሊትር ተኩል ያህል እስኪሸና ድረስ ውሃ መጠጣት፣ ከወጡም ጨው መቀነስ ይገባዋል። ወተት መተው ግን አያስፈልገውም። በጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቈይ ጤነኛ ሰው ማታ በቂ ውሃ ቢጠጣ አይጎዳም። ጠጠር ወይም የኩላሊት ድካም ያለበት ግን ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር ይመካከር።

«ሽንቴ ቀላ፤ ምንድን ነው?» ቀይ ሥር የበላ ወይም ለሳንባ በሽታ ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰው ሽንቱ ቢቀላ አይደንግጥ። ከዚህ ውጭ በሽንት ደም መታየቱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም፣ ሕመምም ባይኖረው፣ ሳይመረመር አይታለፍም። በዕድሜ በገፉ ሰዎች የፊኛ ነቀርሳ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ይችላል። በአዋሽ ሸለቆ ለእርሻ ሥራ ወርዶ የተመለሰ ወጣት ከሆነ ደግሞ የፊኛ ቢልሃርዝያ እንጠረጥራለን። ይህ ዓይነቱ ቢልሃርዝያ የቆላ በሽታ ነው፤ በደጋው የሚገኘው የአንጀቱ ነው። ዶክቶር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ የእንዶድን ኀይል ያስተዋሉት የዚህኑ በሽታ አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ሲያጠኑ ነበር።

ሽንታቸው እየቈራረጠ የሚያስቸግራቸው አባቶች ይህን የእርጅና ዕዳ ነው ብለው አይተዉት፤ ዕጢው አብጦ መውጫውን ሲያጠብ ነውና መድኃኒት አለው። በምጥ ብዛት ከወለደች በኋላ ሽንቷን መቈጣጠር ያቃታት ሴት ደግሞ ፊስቱላ ይዟታል። ስለ እርሷ የምናውቅ ሁሉ መንገድ እናሳያት፤ በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የመጡት የሐምሊን ባልና ሚስት ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ያለ ክፍያ ትታከማለች።

«ኩላሊት ፈጽሞ ከደከመስ?» ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ በ1943 እ.ኤ.አ.፣ አገሩ በጦርነት ተይዛ ሳለች፣ የቋሊማ መጠቅለያ ስስ ላስቲክ በእንጨት በርሜል ላይ ጠቅልሎ ደም የሚያጥብ መሣሪያ ሠራ። ዛሬም በሽተኛው በትላልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል፣ ደሙ ይታጠብለታል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም በመስከረም 2008 ዓ.ም. ከሕያው ዘመድ በሚለገስ ኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። ሁለቱም ታላላቅ ሥራዎች ናቸው፤ ነገር ግን ከመርሐቤቴ ተነሥቶ በየሳምንቱ ለእጥበት መመላለስ ለገበሬም ለመምህርም ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልገንም። የደም ግፊት መለኪያውና የሽንት ምርመራው ግን በከተማችን አሉ። የግፊት ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሽንቱንና ደሙን ያስመርምር።

የምርመራውን ሽንት አያያዝ በሚመለከት፦ የሽሮፕ ወይም የዘይት ጠርሙስ ይዘው የሚመጡ ስላሉ፣ በጠርሙሱ የቀረው ስኳር ውጤቱን ያዛባል። ንጹሑን ዕቃ ከምርመራ ክፍሉ ይቀበሉ። አስቀድመው በውሃ ይታጠቡ፤ የመጀመሪያውን ጥቂት ሽንት መሬት ላይ ያፍሱና የመካከለኛውን በዕቃው ይቀበሉ። የጧት ሽንት ይመረጣል። ከተቀበሉም በኋላ ከአንድ ሰዓት ሳያልፍ ለመርማሪው ያስረክቡ።