ልናጸዳ ሄደን እንዳናፈርስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ለመጪው ጥምቀት ወደ ጎንደር በምናደርገው መንፈሳዊ ጉዞ አንድ ቀን መድበን በፋሲል ግቢ የበቀለውን አረም እናጽዳ የሚል ሐሳብ በመካከላችን ቀርቧል። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ባለፈው መስከረም የሠራነውን ስሕተት ሳናስታውስ መነሣት አይገባንም። የአንድ አርበኛ መቃብር ልናጸዳ ወጥተን፣ ከድንጋዩ መካከል የበቀለች ትንሽ ዛፍ ሦስት ሆነን ስንጎትት፣ ሥሯ ኖራውንና ሁለት ድንጋይ ይዞ ወጣ፤ ስሙ የተጻፈበትም ድንጋይ ተሰነጠቀ። አንድ አባት ቀርበው ተመለከቱና፣ «ልጆቼ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ዝናም ያላፈረሰውን እናንተ በግማሽ ቀን አፈረሳችሁት» አሉን። ሲናገሩ ቁጣ አልነበራቸውም፤ ይልቁንም የከበደን እርሱ ነው።

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ አረም በሁለት ወገን ያስተምረናል። በምሳሌ 24፥30-34 ጠቢቡ በሰነፍ ሰው እርሻ አጠገብ ሲያልፍ እሾህ ሞልቶበት፣ የድንጋይ ቅጥሩም ፈርሶ አየ፤ አይቶም ተግሣጽን ተቀበለ። እንግዲህ ዝም ብሎ ማየት ስንፍና ነው። በማቴዎስ 13፥24-30 ግን አገልጋዮቹ እንክርዳዱን እንንቀል ሲሉ ባለቤቱ ከለከላቸው፤ ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ሰግቶ ነው እንጂ እንክርዳዱን ወዶት አይደለም። ጌታችን ምሳሌውን ስለ ዓለም ፍጻሜ እንደ ተረጐመው እናውቃለን፤ ትርጓሜውንም አንለውጥም። ነገር ግን ከባለ እርሻው ማስተዋል አንድ ነገር እንማራለን፤ ይኸውም ክፉው ከመልካሙ ጋር በሥሩ ሲተሳሰር፣ የሚያስፈልገው ብርቱ ክንድ ብቻ አለመሆኑን ነው።

በሰፈራችን አቅራቢያ ያለው ሆስፒታል በዓድዋው ጀግና በደጃዝማች ባልቻ ስም ይጠራል። ስም ሲጠራ ይኖራል፤ ግንብ ግን የሚኖረው ሲጠበቅ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ፣ እርሳቸውና ተከታዮቻቸው በድንጋይና በኖራ ያሠሩት ግቢ 900 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቅጥር የተከበበ ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ከተማዋን ወርረው አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለዋል። በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ከተማዋን ይዞ በግቢው ሠፈረ። በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው የመጨረሻው የኢጣሊያ ጦር እጁን የሰጠውም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እዚያው ጎንደር ላይ፣ የኛ አርበኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር በተሰለፉበት ውጊያ ነው። የዐፄ ኢያሱ ግንብ ቀድሞ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በኋላም የአውሮፕላን ቦንብ አግኝቶታል።

ከዚህ ሁሉ የተረፈው ግንብ በየዓመቱ የሚገጥመው ጠላት ግን ድምፅ የለውም። ነፋስና ወፍ ያመጡት ዘር በኖራው ስንጥቅ ይገባል፤ ክረምት ሲመጣ ይበቅላል፤ ሥሩ ሲወፍር ስንጥቁን ያሰፋል፤ በሰፋውም ውኃ ይገባበታል። በቅርብ ዓመታት በግቢው ሰፊ ጥገና ተደርጓል፤ ነገር ግን ጥገና በየስንት ዘመኑ ሲሆን፣ አረም በየክረምቱ ነው። ከግቢው ወጣ ብሎ ጥምቀት በሚከበርበት በፋሲል መዋኛ ደግሞ የትልልቅ ዛፎች ሥሮች ቅጥሩን እንደ ጣት ጨብጠውታል። ሥሩ ድንጋዩን ይከፍታል፤ ደግፎም ይይዘዋል። እንዲህ ያለው ሥር በድንገት ቢቆረጥ በስብሶ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ግንቡም ይናዳል። እነሆ፣ የስንዴውና የእንክርዳዱ ነገር በድንጋይ ላይ!

ስለሆነም ከመሄዳችን በፊት የሚከተሉትን እናጥና።

1ኛ/ ያለ ፈቃድ አንጀምር። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ እንዲገኝ ያዝዛል። የምንሠራውም ባለሙያው ባሳየን ቦታ ብቻ ይሁን።

2ኛ/ በመሬት ላይ ያለውን ለስላሳ አረም በእጅ እንንቀል። በግንብ ውስጥ ሥር የሰደደውን ግን አንጎትት፤ ለባለሙያ እናሳይ።

3ኛ/ ሣሩን አናቃጥል፤ እሳት ድንጋይና ኖራ ይሰነጥቃል።

4ኛ/ የወደቀ ድንጋይ ከቦታው አናንሣ፤ ከየት እንደ ወደቀ የሚመሰክረው የወደቀበት ስፍራ ነው።

5ኛ/ ጦርነት ባለፈበት ምድር ያልታወቀ ብረት ብናገኝ ሳንነካ እንራቅና እናመልክት።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 10፥2 ቅንዓት ኖሯቸው ዕውቀት ስለ ጎደላቸው ሰዎች ይናገራል። እኛም በዚያ መቃብር ላይ ቅንዓት አልጎደለንም ነበር። ይህ ትምህርት በግንብ ላይ ብቻ አይቀርም። የወንድማችንን ስሕተት ስናርም ስንቶቻችን ሥሩን ጎትተን ሰውየውን አብረን ነቅለናል? ከመካከላችን የቀሩትን እናስብ። ወደ ጎንደር ከመሄዳችንም በፊት ኖራ የሚያውቅ ግንበኛ ይዘን ያንን መቃብር እንጠግን፤ የመንገዳችን መጀመሪያ እርሱ ይሁን።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
ሀ/ ምሳሌ 24 እና ማቴዎስ 13 እንዴት ይስማማሉ?
ለ/ በችኮላ ተግሣጽ ያራቅነው አባል አለን? እንዴት እንመልሰው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።