ሳይጨልም መተኛት

ትሮምሶ በተባለችው የሰሜን ኖርዌይ ከተማ፣ በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 12 ገደማ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ፀሐይ አትጠልቅም። ቱሪስት ይህን ሊያይ ገንዘቡን ከፍሎ ይመጣል። መምህር ግን በዚያው ሰሞን ያስፈትናል፣ ወረቀት ያርማል፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው።

ዓይናችን ውስጥ ብርሃን መኖሩን ለአንጎል የሚነግሩ ልዩ ሴሎች አሉ። እነሱ ገና ቀን ነው እስካሉ ድረስ ሜላቶኒን የተባለው የእንቅልፍ ሆርሞን በጊዜው አይመነጭም። በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥበት አዲስ አበባ ላደገ ሰው ደግሞ ነገሩ እንግዳ ነው።

ትሮምሶ የምታስተምር አንዲት ኢትዮጵያዊት የሒሳብ መምህርት በመጀመሪያው ግንቦቷ ያጠፋት ቡና ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ውጭው ቀትር ይመስላል፤ ጓደኞቿም «ገና ነው እኮ!» እያሉ አቦሉን፣ ቶናውን አልፈው በረካው ሳይወጣ አይነሱም። የቡና ካፌይን በብዙ ሰው ላይ ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም ግማሹ ደም ውስጥ ነው። መምህርቷ ዓይኗ ፈጦ ማደር ለመደች። በመጨረሻ የአንድ ተማሪ ውጤት ተሳስታ ደመረች፤ ስህተቱን ያገኘውም ራሱ ተማሪው ነበር። የሒሳብ መምህርት!

ለእንቅልፍ ማጣቱ ከኪኒን በፊት የሚታዘዘው መጋረጃ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ከመስኮቱ በየጎኑ አንድ ስንዝር የሚተርፍ ይሁን። ላይኛው ክፍተት ይረሳል፤ ብርሃን ግን በዚያ በኩል ይገባል፣ ስለዚህ በጨርቅ ይወተፍ። በሰሜን አላስካ መስኮትን በአሉሚኒየም ፎይል መለበጥ የተለመደ ነው፤ አያምርም፣ ይሠራል። የሽንት ቤቱም መስኮት ይሸፈን፤ ሌሊት ለአፍታ የተነሣ ሰው እዚያ ፀሐይ ከጠበቀችው ተመልሶ አይተኛም። መጋረጃው የሚዘጋው ከመኝታ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ስስ ነጭ ሻሽ ሰቅለው ሙሉ ኪራይ የሚቀበሉ አከራዮች ግን ምን ይባላሉ?

የመነሻ ሰዓት እሑድም ቢሆን አይለወጥ። ሜላቶኒን በኪኒን መልክ የፈለገ ሐኪም ያማክር።

ከሁሉ የሚከፋው እንቅልፍ ማጣትን እንደ ትጋት መቁጠር ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ደብተር ሲያርም የራሱን ፎቶ አንሥቶ የሚለጥፍ መምህር፣ በማግስቱ ያንን ክፍል ሙሉ ልጅ በንጭንጩ ያስከፍለዋል። ልጆቹም እኮ እንቅልፍ አልጠገቡም፤ ፀሐይ አለች ተብሎ ውጭ ሲጫወቱ አምሽተዋል። ወላጅ ሊመከር ይገባል።

ወደ ትሮምሶ ለማስተማር የምትሄዱ ከሆነ መጋረጃውን ከሚያዝያ አታሳልፉት። ፀሐይ መጥለቋን ከማቆሟ ሳምንታት አስቀድሞ ሌሊቱ በወጉ መጨለሙን ይተዋል።