አይጥ ማሳደድ የተወች ድመት

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባላል። እንግዲህ የጎተራዋ ጠባቂ አይጥ በአጠገቧ ሲያልፍ ዝም ብላ ካየች፣ ገበሬው ሰነፈች ብሎ ከማማረሩ በፊት አፏን ቢጠረጥር ይሻላል።

የድመት ሥር የሰደደ የአፍና የድድ ቁስለት ምልክቱ ግራ ያጋባል። ድመቷ ይርባታል፤ ምግብ ሲቀርብላት ትሮጣለች፣ አንዴ እንደነከሰች ግን ጮኻ ታፈገፍጋለች። ለሃጯ ይዝረበረባል፤ ትንፋሿ ይከረፋል። ራሷን መላስ ስለሚያማት ጸጉሯ ይንጨባረራል፣ እየዋለ እያደረም ትከሳለች። ድዷ ይቀላል፣ ይደማል፤ እብጠቱ እስከ ጉሮሮዋ አፋፍ ይዘልቃል።

መንስኤው አንድ ብቻ አይደለም። ጥርስ ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ የሰውነትን መከላከያ ከልክ በላይ ያስቆጣዋል፤ ካሊሲ የተባለው ቫይረስም በብዙ ታማሚ ድመቶች አፍ ውስጥ ይገኛል። ቫይረሱ ሰውን አይዝም። ከድመት ወደ ድመት ግን ይተላለፋልና የታመመችዋ መመገቢያ ለብቻ ይሁን።

ለሃጭ የምታዝረበርብ ድመት ሁሉ ግን ድዷን አሟታል ማለት አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ድመትንም ይይዛል። የድድ ሕመም ለወራት ይጓተታል፤ ያኛው ምልክቱ ከታየ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ልዩነቱን አያለሁ ብሎ አፏን መፈልቀቅ አደገኛ ነው። ጠባይዋ በድንገት ከተለወጠ ከሰውና ከከብት ተለይታ ይዘጋባት፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያም ይነገር። የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ለሰው ራስ ምታት የሚዋጠው ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል። የወጥ ትራፊም አይሆናትም፤ በርበሬው ያቃጥላታል፣ ሽንኩርቱ ደሟን ይጎዳል። ያለ ጨው ተቀቅሎ የደቀቀ ሥጋ ወይም ዕንቁላል ይሻላታል።

ሐኪም የሚሰጠው የሕመም ማስታገሻና መርፌ ፋታ ይሰጣል፤ ሕመሙ ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ዘለቄታ ያለው ሕክምና ሰው ሲሰማው የሚያስደነግጥ ነው፦ ካሏት 30 ጥርሶች የኋላዎቹን፣ አንዳንዴም ሁሉንም በማደንዘዣ መንቀል። አብዛኞቹ ድመቶች ከዚያ በኋላ በጣም ይሻላቸዋል፤ ጥቂቶቹ መድኃኒት ይቀጥላሉ። ጥርስ አልባዋም ለስላሳ ምግብ ደህና አድርጋ ትበላለች።

እስክትድን ድረስ እህሉ አይጥ በማይደርስበት ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። የአይጥ መርዝ መበተን አይመከርም፤ መርዝ የበላ አይጥ ሩጫው ይከዳዋልና፣ ለተራበችና ለደከመች ድመት መጀመሪያ የሚገኘው እርሱ ነው።