ወደ ካፋ የቡና ደን ለሚሄዱ

ጥብቅ ደን ሊያይ ከጅማ የሚነሳ ሰው ቲኬት የሚቆረጥበት በርና ዘብ ይጠብቅ ይሆናል። ካፋ ግን እንዲህ ያለ በር የለውም። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት የመዘገበው ይህ አካባቢ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ከተማውም፣ የእንሰቱ ጓሮም፣ ማንም እንዳይነካው የተከለለው ደንም በውስጡ ናቸው። ሰው የሚኖርበትና የሚጠብቀው ደን ስለሆነ ጉብኝቱ የሚያምረው ከጠባቂዎቹ ጋር ሲገቡ ነው።

1. ወቅቱንና ደኑን ይምረጡ። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ስለሚበረታ የገጠሩ መንገድ በጭቃ ይያዛል። ከኅዳር እስከ ጥር ለእግር ጉዞ ይመቻል፤ የቡና ለቀማውንም ይደርሱበታል። እኔ ግን የካቲት መጨረሻን ወይም መጋቢትን እመርጣለሁ። የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ከጣለ ብዙም ሳይቆይ ቡናው ያብባል። ነጩ አበባ ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፤ ሽታው ግን አካባቢውን ያውደዋል።

ያለዎት አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ካፋ ውስጥ እስካለችው ቦንጋ ከተማ ድረስ አይድከሙ። በሰቃ ጨቆርሳ አልፈው ሸቤ አካባቢ ያለውን በለጠ የሚባል ደን አይተው ለማታ ጅማ ይገባሉ። ጉዞዎ በበደሌ ወደ መቱ ከሆነ ደግሞ ከካፋ ጋር በአንድ ዓመት የተመዘገበው የያዩ የቡና ደን በመንገድዎ ላይ ነው።

2. ከጅማ በጠዋት ይውጡ። ቦንጋ ከመቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢርቅ ነው፤ መንገዱ ግን ጠመዝማዛ ነው። የጎጀብን ወንዝ ሲሻገሩ ካፋ ገቡ ማለት ነው። ስለ መንገዱ ጸጥታ መናኸሪያ ያሉትን ሹፌሮች አስቀድመው ይጠይቁ። ጥሬ ገንዘብም ይያዙ፤ ኔትወርክ በጠፋበት ቀበሌ የሞባይል ባንኪንግ ዋጋ የለውም።

3. ቦንጋ እንደደረሱ ፈቃድ ይጠይቁ። መታወቂያዎን ይዘው ወደ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ይሂዱ፤ ቅዳሜና እሁድ ዝግ እንደሚሆን አይርሱ። ሊሄዱበት ያሰቡት ቦታ በጥብቁ ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። ሪዘርቩ በሦስት የተከፈለ ነው፦ ጥብቁ ክልል፣ ዙሪያውን ያለው መከለያ፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ የሚታረሰውና የሚኖርበት። በመከለያው ማርና ቡና ይመረታል፤ በጥብቁ ክልል ግን ቅጠል እንኳ አይነሳም።

አስጎብኚው የዚያው ቀበሌ ልጅ ቢሆን እመርጣለሁ። በብዙ ቦታ ነዋሪው በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን እየጠበቀ ሊጠቀምበት ከመንግሥት ጋር ተፈራርሟል። በበለጠ በኩል ይህን ማኅበር ዋቡብ ይሉታል። ብቻውን የሚዞር እንግዳ እንጨት ቆራጭ ወይም መሬት ፈላጊ ቢመስላቸው አይፈረድባቸውም። ዋጋውን ከመነሳትዎ በፊት ይጨርሱ።

4. ልብስ። ቦቲ ጫማ ይልበሱ፤ ጉንዳን እንዳይገባ የሱሪዎን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ይክተቱ። ጃንጥላ ቅርንጫፍ ስለሚይዘው የዝናብ ልብስ ይሻላል።

5. የጫካውን ቡና ቀርበው ይዩት። ካፋዎች የቡና መገኛ ናት ወደሚሏት ማንኪራ ከሄዱ ዛፉን አልፈውት እንዳይሄዱ አስጎብኚዎን ያስቁሙት። የጫካ ቡና የጓሮውን አይመስልም። ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ የተመዘዘ ቀጭን ግንድ ነው፤ የዛፍ ሽበት ወርሶታል፣ ፍሬውም በየቅርንጫፉ ጥቂት ጥቂት ነው። ከእግሩ ሥር ኮረሪማ፣ ከላዩ ዋንዛና ቀረሮ አለ። ዝም ብለው ከቆሙ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ይሰማሉ።

ፍሬ አይልቀሙ፣ ችግኝም አይንቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ምርቱን ሲያጠፋ የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ያገኙት ከእነዚሁ የደቡብ ምዕራብ ቡናዎች ነው። ዛሬ ገበሬው የሚተክላቸው 74110 እና 74112 የተባሉ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ከመቱ አካባቢ ተመርጠው የተገኙ ናቸው፤ የቁጥራቸው መነሻም ያ ዓመት ነው። ነገ ለሚመጣው በሽታ የሚበጀው የትኛው ግንድ እንደሆነ አይታወቅምና የነቀሉት ችግኝ እሱ ሊሆን ይችላል።

6. ከቀፎ ይራቁ። ረጃጅም ዛፎች ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች ሁሉ ባለቤት አላቸው። ከሥራቸው አይቁሙ፣ ሽቶም ተቀብተው አይሂዱ። ሰውም ሆነ ቤት ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ያስፈቅዱ። «ቡና ጠጡ» ከተባሉ ይቀመጡ፤ ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ስለ ደኑ የሚነግሩዎት ከየትኛውም ጽሑፍ ይበልጣል።

7. ገንዘብዎን እዚያው ያውጡ። የአስጎብኚውን ለራሱ በእጁ ይስጡ። ማርና የደን ቡና ከማኅበሩ ይግዙ፤ ከጌተም አበባ የሚገኘውን ነጩን ማር ካገኙ አይለፉት። ቦንጋ ሲመለሱ መውጣትዎን ለቢሮው ያሳውቁ፣ የብሔራዊ ቡና ሙዚየሙንም ይዩ። ከሰዓት በኋላ መኪና ስለሚሳሳ ለጅማው መመለሻ ጠዋት ወንበር ይያዙ።