የወጀብ ማስጠንቀቂያ በሰው አገር፦ ከራዳር እስከ ጆሮ

ቶርኔዶ ከነጎድጓዳማ ደመና ወርዶ መሬት የሚነካ፣ በከፍተኛ ፍጥነት የሚሽከረከር የነፋስ ዓምድ ነው። በአገራችን እምብዛም ስለማይታወቅ፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ዳላስ ወይም ወደ ሚኒያፖሊስ የሚሄድ ወጣት ማስጠንቀቂያውን ከየት እንደሚያገኝና እንዴት እንደሚረዳው አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። የጉዳዩን ክብደት የጆፕሊን ከተማ አደጋ ያሳያል። በሚዙሪ ግዛት በምትገኘው በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. በሜይ 22 ቀን 2011 ከ150 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የማስጠንቀቂያው ሳይረን ቀደም ብሎ ጮኾ ነበር፤ በኋላ የተደረገው ምርመራ እንዳረጋገጠው ግን ብዙዎች ሌላ ማረጋገጫ እስኪያገኙ ድረስ ወደ መጠለያ አልገቡም።

ራዳሩ ምን ያያል?

የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት በዋነኛነት የሚጠቀመው በዶፕለር ራዳር ነው። ራዳሩ ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሞገድ ይልካል። ሞገዱ ከዝናብ ጠብታዎች ተንጸባርቆ ሲመለስ ድግግሞሹ ይለወጣል። የለውጡ መጠን የጠብታው ፍጥነት እጥፍ ለሞገዱ ርዝመት ሲካፈል ይገኛል። ስለዚህ በሴኮንድ 30 ሜትር ወደ ራዳሩ የሚገሰግስ ጠብታ የ600 ኸርዝ ለውጥ ያስከትላል። ጎን ለጎን ካሉ ጠብታዎች ከፊሎቹ ሲቀርቡ ከፊሎቹ ሲርቁ ከታዩ ደመናው እየተሽከረከረ ነው ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ምድር ክብ ስለሆነች፣ ጨረሩም በግማሽ ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ስለሚያቀና፣ በ100 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የጨረሩ መካከል ከመሬት 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በመሬት አጠገብ የሚሆነውን ራዳሩ በቀጥታ አያይም፤ በመሆኑም የሠለጠኑ ታዛቢዎች ዘገባ ያስፈልጋል።

ሁለት ቃላት

«ዎች» ማለት ሁኔታው ለቶርኔዶ የተመቸ ስለሆነ ተዘጋጁ ማለት ነው። «ዋርኒንግ» ግን ቶርኔዶ በዓይን ወይም በራዳር ስለታየ አሁኑኑ ተጠለሉ ማለት ነው።

ከየት እንስማ?

1. የእጅ ስልክ፦ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቶርኔዶ ዋርኒንግ አደጋው በሚያሰጋው አካባቢ ላሉ ስልኮች በቀጥታ ይላካል። ምዝገባም ሆነ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ በስልኩ ላይ ግን መዘጋት የለበትም።

2. የአየር ሁኔታ ሬዲዮ፦ ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርዝ ባሉ 7 ጣቢያዎች ይሠራጫል። ባትሪ ያለው መቀበያ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፤ የተኛንም ሰው ይቀሰቅሳል።

3. ሳይረን፦ የተሠራው ከቤት ውጭ ላሉ ሰዎች ነው። ቤት ውስጥ ላይሰማ ስለሚችል ብቻውን አይበቃም።

እያንዳንዱ መንገድ የየራሱ ድክመት ስላለው ቢያንስ ሁለቱን መያዝ ይገባል። ዋርኒንግ ሲሰማ ወደ ምድር ቤት፣ ከሌለም በታችኛው ፎቅ መስኮት ወደሌለው የመካከል ክፍል መግባት ያስፈልጋል። በመስኮት እያዩ ማረጋገጫ መጠበቅ ያለችውን ጥቂት ደቂቃ ያባክናል።

ለመለማመጃ፦ የጠብታው ፍጥነት በሴኮንድ 45 ሜትር ቢሆን የድግግሞሹ ለውጥ ስንት ይሆናል?